የማን ልጅ ነህ?

«የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ መንዝ ውስጥ የትውውቅ ወግ ብቻ አልነበረም፤ የሣርና የመሬት ሕግም ነበር። ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ከ3200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጓሳ የሚባል ሰፊ አምባ አለ። ጓሳ የቦታውም የሣሩም ስም ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ መጥረጊያ ይሠራበታል።

እንደ አገሩ ትውፊት፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ይህን አምባ ያዙ። ከዚያ በኋላ ትውልዱን ከእነርሱ የሚቆጥር ሁሉ ባለ ድርሻ ሆነ። «ቄሮ» በሚባለው ሥርዓት መሠረት አምባው ለዓመታት ይዘጋል፤ በበጋ ይከፈታል፤ የተመረጠ አለቃም ይጠብቀዋል። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ጓሳም ለመጣው ሁሉ ክፍት ሆኖ ክፉኛ ተጎዳ። ኋላ ኅብረተሰቡ በአዲስ ደንብ እንደገና እጁን ባይዘረጋለት ኖሮ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬ መጠጊያ ባላገኙበት ነበር።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ያ የጥንት ጥያቄ ዛሬ በሌላ አፍ ስለሚጠየቅ ነው። ጠያቂው የኮምፒውተር መፈለጊያ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲቋቋም አንድ ቃል ለጻፈ ሁሉ የሚሰጠው መልስ በአመዛኙ አንድ ነበር። በ2009 ግን እንደየሰው የተደረደረ መልስ ለሁሉም ተጠቃሚ ማቅረብ ጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈርዝ የተባለው እንግሊዛዊ የቋንቋ ምሁር በ1957 የቃል ትርጉም በጎረቤቶቹ እንደሚታወቅ አስተምሮ ነበር። ኮምፒውተሩም ይህንኑ ይከተላል። አብረው የሚውሉ ቃላትን በቁጥር ለክቶ እንደ ካርታ አቀራርቦ ያስቀምጣቸዋል። ከዚያም አንባቢውን ራሱን፣ ትናንት ከጠየቀውና ካነበበው ተነሥቶ፣ በዚያው ካርታ ላይ ያሰፍረዋል። ለእርሱ ሰፈር የቀረበው መልስ ከላይ ይወጣል፤ የራቀው ወደ ታች ይወርዳል።

«ቄሮ»ን እንውሰድ። ቃሉ በኦሮምኛ ያላገባ ጎረምሳ ማለት ነው፤ ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም. በነበረው ተቃውሞም የወጣቶች መጠሪያ ሆኖ አገር አወቀው። ስለዚያ ዘመን የተጻፈው እጅግ ብዙ ነው። የመንዙ ቄሮ ግን ይበልጡን የኖረው በሽማግሌ አፍ ነው። ስለዚህ የመሐል ሜዳ ወጣት ፖለቲካ የሚያነብ ከሆነ፣ መፈለጊያው ያንኑ ፖለቲካ ሊያቀርብለት ይችላል። የአያቱ ሕግ ከታች ተቀብሮ ይቀራል።

እርግጥ ነው፣ መልስን በጠያቂው ልክ መስፋት በራሱ ነውር የለበትም። ሽማግሌውም ቢሆን ለእንግዳና ለዘመድ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። ነገር ግን ሽማግሌው «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ፊት ለፊት ይጠይቃል። መፈለጊያው ዝም ብሎ ይገምታል። በጓሳ ድርሻ የሌለው ሰው እንደሌለው ያውቅ ነበር፤ ቢያሻው ይሟገት ነበር። የዛሬው አንባቢ ግን ምን እንደተከለከለ ስለማያውቅ አቤት የሚልበት ነገር የለውም።

የቄሮን ሥርዓት ለማሞገስ አይደለም። በዘር ሐረግ የሚለይ ነበርና ብዙዎችን በደጅ አስቀርቷል። ሆኖም አጥሩ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈትና ማን እንደሚጠብቀው የአገሩ ሰው ያውቅ ነበር። እኔ ከአዲሱ ጠባቂ የምሻውም ይህንኑ ነው፦ ማን ነው ብሎ እንደገመተኝ ይንገረኝ፤ ስሕተት ከሆነም ላርመው። እስከዚያው ድረስ የመንዝ ሽማግሌዎች የሚያውቁት በጽሑፍ ይስፈር። ያልተጻፈ ነገር በዚያ ካርታ ላይ ሰፈር የለውምና።