ላብ የተባለ መጠጥ

በገበያ ዕለት ከሚቀርቡልኝ ብሮች አንዳንዶቹ የእናቴን ጓዳ ጭስ ይሸታሉ። ደብረ ታቦር የባንክ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው የተጨማደደ ብር የሚቆጥሩልኝን እናቶች ሥራ ሳልጠይቅ አውቀዋለሁ፤ አረቄ አውጪዎች ናቸው። ቅጹ ላይ ግን ሁሉም «የቤት እመቤት» ያስብሉኛል። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ግጥሙን ትቼ ስለ አረቄ ላወጋችሁ ነው።

ስሙ ከዓረብኛ የመጣ ነው። «ዐረቅ» ላብ ማለት ነው፤ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ሲል ላየው ሰው ስያሜው አይገርምም። ያው ቃል በቱርኮች በኩል ተሻግሮ፣ የግሪኳ ቀርጤስ ገበሬዎች ከተጨመቀ ወይን ልጣጭ ለሚያወጡት መጠጥ «ራኪ» ሆኗል። እነርሱ ከወይን ለቀማ በኋላ ጎረቤት ጠርተው፣ በመዳቡ ጋን ዙሪያ እየበሉና እየዘፈኑ ያወጡታል። የወንድሙን የኡዞን ስም ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለግሪክና ለቆጵሮስ ብቻ አጥሮላቸዋል። እነርሱ ስሙን በሕግ ያስጠብቃሉ፤ እኛ ቅጽ ላይ እንደብቀዋለን።

የእኛው ጋን ሸክላ ነው። የተወቀጠው ጌሾ በውሃ ይጠነሰሳል፣ ብቅል ይገባበታል፣ የዳጉሳ ወይም የበቆሎ ቂጣ ተቆራርሶ ይጨመራል። ድፍድፉ ቀናት ቆይቶ ሲደርስ እሳት ላይ ይጣዳል፤ አፉ በጭቃ ይመረጋል፤ እንፋሎቱም በሸምበቆ ተመርቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተነከረው ዕቃ ይወርዳል። ውሃው ከሞቀ እንፋሎቱ ላብ መሆኑ ይቀራል። በዚህ ምክንያት እናቴ በጉና ብርድ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ስትቀይር ታድር ነበር። አንድ ጊዜ የወጣው «ተራ» ነው፤ አልኮሉ ከመቶ 22 እስከ 28 ይደርሳል። እንደገና የወጣው «ዳግም» 45 ገደማ ነው፤ አርሲ ነገሌ፣ ደብረ ብርሃንና ጨንቻ የታወቁት በዚሁ ነው። እናቴ መለኪያ አልነበራትም፤ ጥቂት እሳት ላይ ትረጭና ነበልባሉን ታያለች። አተላው ለከብት ነው።

የከተማችን ታሪክም ከመጠጥ አልራቀም። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ እዚሁ ደብረ ታቦር የራስ አሊን ጦር ድል አድርገው ሲደሰቱ፣ ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኳቸው፤ ሸሽተው የነበሩት ራስ አሊ ባለድል ሆነው ተመለሱ። (የመኳንንቱ መጠጥ ጠጅ ነበርና ለዚያ ቀን አረቄን አልወነጅለውም።) በ1859 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ቴዎድሮስ አጠገባችን ባለችው ጋፋት ሴባስቶፖልን አሠሩ። እስረኞቻቸው የነበሩ አውሮፓውያን፣ ንጉሡ በመጨረሻ ዘመናቸው አረቄ ይጠጡ እንደነበር ጽፈዋል። ጠጪው ተጻፈ። መድፉም ከነሠሪዎቹ፣ ከነዋልድማየርና ከነሞሪትዝ ሃል፣ ተጻፈ። አረቄውን ያወጣችው ሴት ግን ስም የላትም።

አረቄ ያፈረሰውን ትዳር አልክድም፤ ሰፈራችን ያውቀዋል። እኔን ዲግሪ ያስያዘኝም እርሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጓደኞቼ ስለ እናቴ ሲጠይቁኝ «ነጋዴ ናት» እል ነበር።

ባለፈው ወር አንዲት አሮጊት ደብተር ሊያወጡ መጡ። ሥራቸውን ስጠይቅ ዝም አሉ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እማማ፣ የእኔም እናት አረቄ አውጪ ነበረች» አልኳቸው።

እጃቸውን አዩ፣ ከዚያም እኔን። «እንግዲያው ጻፈው ልጄ» አሉኝ። «ዳግም በል እንጂ፤ ተራ እንዳትለኝ።»