ከወዳጃ እስከ ዶርም፦ ቅጠሉና ቤተሰቡ

ጫትን ከሚጠቅሱ የሀገራችን ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የይፋቱ ሰብረዲን በንጉሡ ላይ ሲዝት፣ ከተማህን እይዛለሁ ብቻ አላለም፤ ጫትም እተክልበታለሁ ብሏል፣ ይለናል ጸሐፊው። ቅጠሉ ያኔም የእኛና የእነሱ መለያ ነበር ማለት ነው።

ወሎ ላይ ነገሩ ለዘብ አለ። ደረሳውና ሼሁ ሌሊቱን በቂርአትና በዱዓ ለመንቃት ቃሙት። ወዳጃ ላይ ቡና እየተፈላ፣ እጣን እየጨሰ ይቃማል። ከአንድ አያት የወጡ እስላምና ክርስቲያን ዘመዳሞች በሞሉበት በወግዲና በመካነ ሰላም አካባቢ የማይቅመውም ሰው ወጉን ያውቀዋል። ቀኑ የታወቀ ነው፤ የሚመርቅ አባት አለ፤ ልጅ ደግሞ ይላላካል እንጂ ከአባቶች እኩል አይቀመጥም። ቅጠሉ ባለቤት ነበረው።

ከዚያ መኪና መጣ። ጫት ትኩስ ካልሆነ ኃይሉ ይደክማል፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣልና። መንገዱ ሲያጥር ቅጠሉ ከዱዓው ቤት ወጥቶ የከተማ ሸቀጥ ሆነ። ቀጥሎ ዩኒቨርሲቲው ተስፋፋ። የወግዲን ልጅ ምደባው እዚያው መካነ ሰላም፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ሊያስቀረው፣ ወይም ጅማና ሐረማያ ሊጥለው ይችላል።

ዶርም ውስጥ የሚሰጠው ምክንያት የድሮው ደረሳ ምክንያት ነው፦ ልንቃ፣ ላንብብ። መራቂው አባት ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የጥናቶች ማጠቃለያ ከኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 23 በመቶ ያህሉ እንደሚቅሙ አሳይቷል፤ የሚቅም ቤተሰብ ያለው ተማሪ ደግሞ የመቃም ዕድሉ ከፍ ይላል። አባቱ ሲቅም ያየ ልጅ ፈቃዱን ከቤት ይዞ ይወጣል፤ ልኩ ግን ቤት ይቀራል።

ስሙ እንኳ በማይነሳበት ቤት ያደገውም አይድንም፤ እሱ የሚማረው መደበቅ ነው። ከቤት የተላከው ብር ለኮፒ ነው ይባላል። እንቅልፍ ጠፍቶ፣ ውጤት ወርዶ፣ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ መጨረሻ ላይ የሚሰሙት እናትና አባት ናቸው።

ወዳጃው ሱስ አልነበረበትም ለማለት አይደለም። ግን የሚያይ ሰው ነበረው፦ በዛብህ፣ ይብቃህ የሚል። ዛሬ ያ ሰው ያለው ስልኩ ጫፍ ላይ ነው። «ውጤት ስንት መጣ?» ከማለቱ በፊት «ትተኛለህ ወይ?» ቢል፣ ልጁም የሚመልሰው እውነት ቢሆን፣ ግማሹ መንገድ ተሄደ።