በሃይማኖት ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጥ የሕግ ትምህርት

ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመነኮሳት ማኅበር ወይም ከእስልምና ተቋም ጋር የተሳሰሩ ዩኒቨርሲቲዎች ለመንግሥት ፍርድ ቤት የሚሆኑ ጠበቆችን፣ ዐቃብያነ ሕግንና ዳኞችን የሚያሠለጥኑበት ትምህርት ነው። ቄስ ወይም ኡስታዝ ለመሆን ከሚሰጠው ሥልጠና ይለያል። ተመራቂው የሚቆመው በመንግሥት ችሎት ነው፤ የጥብቅና ፈቃዱንም የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ሌላ አካል ነው። በዘርፉ የሚነሡት ትልልቅ ክርክሮች ምንጫቸው ይኸው ነው። ትምህርት ቤቱ የአንድ እምነት ንብረት ሲሆን ሙያው ግን የሕዝብ ሁሉ ነው። (ከአዋጅ ቁጥር በቀር በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሃይማኖትና የሕግ ትምህርት አብረው የኖሩት ከጥንት ነው። በ1140 ገደማ ግራሲያን የተባለው የቦሎኛ ሊቅ የቤተ ክርስቲያንን ድንጋጌዎች በአንድ መድበል ካሰባሰበ በኋላ፣ የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የሮማን ሕግና የቤተ ክርስቲያንን ሕግ ጎን ለጎን ያስተምሩ ነበር። ሁለቱንም የጨረሰ ሰው የሁለቱም ሕግ ሊቅ ይባል ነበር።

ዛሬ ዘርፉ በስፋት ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። የኖትርዳም የሕግ ትምህርት ቤት በ1869፣ በዋሽንግተን የሚገኘው የጆርጅታውን ደግሞ በ1870 ተከፈቱ። በኒውዮርክ ፎርድሃም በ1905፣ በቺካጎ ሎዮላ በ1908 ተከተሉ። እንደነዚህ ያሉ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በየከተማው ሲከፈቱ ከአየርላንድ፣ ከጣሊያንና ከፖላንድ የፈለሱ ቤተሰቦች ልጆች ቀን እየሠሩ ማታ እየተማሩ ወደ ጥብቅናና ወደ ፖለቲካ የሚገቡበት በር ሆኑ። የእነዚህን ትምህርት ቤቶች አመሠራረት ከሥነ መለኮት ይልቅ የስደተኛው የኑሮ ትግል ያብራራዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ትምህርቱ ራሱ ከሌሎቹ ብዙም አይለይም። አሜሪካ ውስጥ ሕግ የሚጠናው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ሲሆን ሦስት ዓመት ይፈጃል። የመጀመሪያው ዓመት ውል፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት፣ የወንጀል ሕግ፣ የንብረት ሕግና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ነው። ይህ በጆርጅታውንም ሆነ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአብዛኛው ያው ነው፤ ምክንያቱም የአንድ ግዛት ተፈታኝ ሁሉ በመጨረሻ የሚቀመጠው ለአንድ ዓይነት የጥብቅና ፈተና ነው። ጆርጅታውን ተማሪውን እምነቱን አይጠይቅም። ኖትርዳም ደግሞ የሃይማኖት ነፃነት ጉዳዮችን የሚከታተል የተማሪዎች የሕግ ድጋፍ ማእከል አለው። በ2020 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ኤሚ ኮኒ ባሬት በ1997 የተመረቁት ከዚያው ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ተማሪው በሚፈርመው ቃል ላይ ነው። በዩታ ግዛት ፕሮቮ ከተማ የሚገኘውና የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ንብረት የሆነው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቱን በ1973 ከፈተ። የመጀመሪያው ዲን ሬክስ ሊ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት በጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚወከልበትን ከፍተኛ የሕግ ሹመት ከ1981 እስከ 1985 ይዘዋል። ቤተ ክርስቲያኗ ከምእመናን አስራት ስለምትደጉም የአባላት ክፍያ ዝቅተኛ ነው፤ አባል ያልሆነ ተማሪ እጥፍ ገደማ ይከፍላል። ማንኛውም ተማሪ ግን፣ አባል ቢሆንም ባይሆንም፣ በየዓመቱ ከሃይማኖት መሪ የድጋፍ ማረጋገጫ ማምጣት አለበት። ከአልኮል፣ ከትምባሆ፣ ከጋብቻ ውጭ ከሚደረግ ግንኙነት፣ ከሻይና ከቡናም መታቀብ ግዴታው ነው። ቡና አፍልቶ ጎረቤት መጥራት ለለመደ ሐበሻ ተማሪ ከውል ሕግ ፈተና ይልቅ ይህ ሳይከብደው አይቀርም።

ሁሉም ትምህርት ቤት በሰላም አልጸናም። በኦክላሆማ የወንጌላውያኑ ኦራል ሮበርትስ ዩኒቨርሲቲ በ1979 የሕግ ትምህርት ቤት ሲከፍት ተማሪና መምህር የእምነት ቃል እንዲፈርሙ ጠየቀ። ዕውቅና ሰጪው የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በዚህ ምክንያት አሻፈረኝ አለ። ዩኒቨርሲቲው ከሰሰ፤ ማኅበሩም በ1981 ደንቡን አሻሽሎ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች በቅበላና በቅጥር እምነታቸውን እንዲያስቀድሙ ፈቀደ። ድሉ ግን ዕድሜ አልነበረውም። ትምህርት ቤቱ በ1986 ተዘግቶ ቤተ መጻሕፍቱ በቨርጂኒያ ፓት ሮበርትሰን ለመሠረቱት፣ በኋላ ሪጀንት ለተባለው ዩኒቨርሲቲ ተላለፈ።

ካናዳ ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቶ መልሱ ተገለበጠ። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሚገኘው የወንጌላውያን ትሪኒቲ ዌስተርን ዩኒቨርሲቲ በ2012 የሕግ ትምህርት ቤት ለመክፈት አመለከተ። ሥርዓተ ትምህርቱን የመረመረው የአገሪቱ የሕግ ማኅበራት ፌዴሬሽን በታኅሣሥ 2013 ይሁንታውን ሰጠ፤ የግዛቱ መንግሥትም ፈቀደ። ጭቅጭቁ የተነሣው ሁሉም ተማሪ በሚፈርመው የማኅበረሰብ ቃል ኪዳን ላይ ነው። ሰነዱ ከወንድና ሴት ጋብቻ ውጭ ከሚደረግ ወሲባዊ ግንኙነት መታቀብን ያዛል። ተቃዋሚዎች የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች ወይ ራሳቸውን ደብቀው ይማራሉ፣ ወይ በሩ ይዘጋባቸዋል አሉ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ቃል ኪዳኑን የማይወድ ሌላ ትምህርት ቤት ይግባ፤ ምእመናን በእምነታቸው ተሰባስበው የመማር መብት አላቸው ብለው ተከራከሩ።

የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሕግ ማኅበር ቦርድ መጀመሪያ ተቀበለው። አባላቱ ግን ቦርዱን ለስብሰባ ጠሩት፤ በጥቅምት 2014 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጡት 8,039 ጠበቆች 5,951ዱ ዕውቅናው እንዲነሣ ወሰኑ። መንግሥትም ፈቃዱን መልሶ ወሰደ። ጉዳዩ በየግዛቱ ፍርድ ቤት ተዘዋወረ፤ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ለዩኒቨርሲቲው ፈረደ፣ ኦንታሪዮ በተቃራኒው። በሰኔ 15 ቀን 2018 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ7 ለ 2 ድምፅ የሁለቱን ግዛቶች የሕግ ማኅበራት ውሳኔ አጸና። አብላጫው የሃይማኖት ነፃነት መነካቱን አልካደም። ጉዳቱ ውሱን ነው፣ ሁሉም ሰው እኩል ወደ ሙያው የሚገባበትን በር መጠበቅ ግን የሕዝብ ጥቅም ነው አለ። ሁለቱ ተቃዋሚ ዳኞች የሕግ ማኅበር ሥልጣን የተመራቂውን ብቃት መመዘን እንጂ የትምህርት ቤትን ቅበላ መቆጣጠር አይደለም ሲሉ ጻፉ። ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው የተመራቂዎቹን ችሎታ ማንም ያልተጠራጠረ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ዩኒቨርሲቲው ቃል ኪዳኑን ለተማሪዎች በፈቃድ አደረገው፤ የሕግ ትምህርት ቤቱ ግን አልተከፈተም።

ካይሮ ሌላ ነው። በአል-አዝሃር ዩኒቨርሲቲ የሸሪዓና ሕግ ፋኩልቲ ተማሪው ፊቅህን (የእስልምናን ሕግ) እና የግብፅን የመንግሥት ሕግ በአንድነት ይማራል፤ ወደ ዳኝነትና ዐቃቤ ሕግነት መግባትም ይችላል። ጥንታዊው ተቋም ዘመናዊ የዩኒቨርሲቲ ቅርጽ የያዘው በ1961 በወጣው ሕግ ነው። ግብፃውያኑ የሚገቡት በዋናነት ከአዝሃር የራሱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነው። የኢትዮጵያና የአካባቢው ሙስሊሞች በአዝሃር ለዘመናት የጀበርቲዎች ሪዋቅ የተባለ የራሳቸው ማደሪያና መማሪያ ነበራቸው። አገር ቤትም እስላማዊ ሕግ የተማረ ሰው የሚሠራበት የመንግሥት ችሎት አለ፤ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የተጠናከሩት በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ነው።

በክርስቲያኑ ወገን የኢትዮጵያ ታሪክ የሚጀምረው ከፍትሐ ነገሥት ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን ግብፃዊው የቅብጥ ሊቅ እብን አል-አሳል በዐረብኛ ያጠናቀረው ይህ መጽሐፍ ወደ ግዕዝ ተመልሶ በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በትርጓሜ ይጠና፣ በነገሥታቱ ችሎትም ይጠቀስ ነበር። ዘመናዊው የሕግ ትምህርት ግን በሃይማኖት ተቋም አልተጀመረም። በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ሉሲየን ማት ቢሆኑም ኮሌጁ የመንግሥት ነበር። የሕግ ፋኩልቲው በ1963 ሲከፈትም ዲኑ አሜሪካዊው የሕግ ምሁር ጄምስ ፖል ነበሩ። ይኸው ዓለማዊ ፋኩልቲ በ1968 የፍትሐ ነገሥትን የእንግሊዝኛ ትርጉም አሳተመ። ተርጓሚው በሚላን የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት አባ ጳውሎስ ፃድዋ ሲሆኑ አርታዒው በፋኩልቲው ያስተምሩ የነበሩት ፒተር ስትራውስ ናቸው። አባ ጳውሎስ በኋላ የአዲስ አበባ ካቶሊካዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ በ1985ም ካርዲናል ተባሉ።