ከገላን ታክሲ እስከ ሸክላው ዘመን

ባለፈው ሳምንት ከቃሊቲ ወደ ገላን በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ሹፌሩ ፍላሽ ላይ ያለውን ሁሉ ያለ ምርጫ ያስኮመኩመናል። ድንገት ያ ጨለም ያለ ሳክስፎን መጣ። የኋላ ወንበር ላይ ያለ ልጅ ጓደኛውን በክርኑ ጎሸም አደረገና «ስማ፣ ይሄ እኮ የናስ ቢት ነው!» አለው። አጠገቤ የተቀመጡት አባት ዞር ብለው «የማን?» አሉ።

«የናስ ነው ጋሼ፣ አሜሪካዊ ራፐር ነው።»

«እኔ ደግሞ የሙላቱ መስሎኝ» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ናስ ከዴሚያን ማርሊ ጋር በ2010 ያወጣው ዘፈን የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ቆርጦ የተሠራ ነው። ከዚያ በፊትም በ2005 የጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ሰምተነዋል። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ የምጽፈው ሸክላዎቹ በዚያው ስለሚታወቁ ነው፣ ታገሡኝ።) ልጁን ግን አትሳቁበት። አብዛኞቻችን የራሳችንን ሙዚቃ የተዋወቅነው በዚሁ በኩል ነው፤ አሜሪካና ፈረንሳይ ዞሮ፣ ተመልሶ ገላን ሲደርስ።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ሕግ ነው። በ1948 የወጣ የንጉሡ አዋጅ ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጠ። ኦርኬስትራዎቹ ደግሞ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ነበሩ፤ ዘፋኙ ደመወዝተኛ ወታደር ነው ማለት ነው። ጥላሁን ገሠሠ እንኳ ከ1960ው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ የታሰረው የክቡር ዘበኛ ሰው ስለነበረ ነው። አዲስ አበባ ማታ ማታ በዘፈን ትናወጣለች፣ ሲነጋ ግን በእጅ የሚያዝ ሸክላ የለም ማለት ይቻላል።

ይህን የሰበረው አምኃ እሸቴ የሚባል፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረ የሙዚቃ ሱቅ ባለቤት ነው። የውጭ አገር ሸክላ ይሸጥ ነበርና «የራሳችንስ?» ብሎ ጠየቀ። ፈቃድ አልጠበቀም። በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን «ትማርኪያለሽ» ቀርጾ ሕንድ አገር አሳተመና ይዞት መጣ። ሊታሰር ይችል ነበር። አልታሰረም፤ ገበያው ሽው አለለት እንጂ። በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ 103 ነጠላ ሸክላዎችና አንድ ደርዘን ያህል አልበሞች አወጣ። ፊሊፕስም ገባበት፣ የአሊ ታንጎው ካይፋም ተከተለ።

እንግዲህ ከየት ልጀምር ለሚል ሰው፦ ከዓለማየሁ ጀምር። ኤልቪስንና ጄምስ ብራውንን አጥንቶ በአማርኛ የሚጮህ ሰው ነው፤ በሽተኛ ይፈውሳል (ይህ የኔ አስተያየት እንጂ የሐኪም አይደለም)። ቀጥሎ የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ስማ፣ የ1975 የካይፋ ሥራ ነው። ማሕሙድ አሪዞና ክለብ ውስጥ ተላላኪ ሳለ፣ በ1962 አንድ ማታ ዘፋኙ ሲቀር «እኔ ልሞክር» ብሎ ነው መድረክ ላይ የወጣው። ከዚያ የሙሉቀን መለሰ «ሄደች አሉ» ይመጣል። ሙሉቀን በኋላ ዓለማዊ ዘፈንን እርግፍ አድርጎ ትቶ መዝሙር ጀመረ፣ በ2024 አሜሪካ አረፈ። የጥላሁንን አልዘረዝርም፤ እሱን ቤታችሁ ውስጥ የማያውቅ ሰው ካለ ችግሩ ሌላ ነው።

ብራዚሎች ከኛ «ትዝታ» ጋር የሚዛመድ «ሳውዳዴ» የሚሉት ስሜት አላቸው። አምኃ የመጀመሪያዋን ሸክላ ባሳተመበት በዚያው በ1969 የወታደር መንግሥታቸው ካኤታኖ ቬሎሶንና ዢልቤርቶ ዢልን አስሮ ከቆየ በኋላ ወደ ለንደን አሰደዳቸው። እነሱ ግን በ1972 ተመልሰው አገራቸው ላይ ዘፈኑ። የኛ ረዘመ።

ደርግ በ1974 ሲመጣ ሰዓት እላፊም መጣ። አምኃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ፣ ብዙም ሳይቆይ ሸክላ ቀርቶ ዘመኑ የካሴት ሆነ። ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሆቴል ሲጫወት፣ በሰዓት እላፊው ምክንያት የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ይጨፈራል። እንዲህ ያለ ሰዓት እላፊ የት አለ? በ1981 ባንዱ አሜሪካ ለዝግጅት ሄደና አራቱ እዚያው ቀሩ። ከነሱ አንዱ ኃይሉ መርጊያ ነው። ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ከመኪናው ኮፈን ውስጥ አስቀምጦ፣ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ያወጣና ይለማመድ ነበር። በ1985 በአኮርዲዮን የሠራውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አገኘው፣ በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ሰውየውም ወደ መድረክ ተመለሰ።

ከሱ በፊት የነበረው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። በ1984 የማሕሙድን ሸክላ ሰማ፣ በዓመቱ አዲስ አበባ መጣ። «ኧረ መላ መላ» በ1986 አውሮፓ ታተመ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሲዲ ጀመረ። አንዳንዱ ሰው «ፈረንጅ ወሰደብን» ይላል። እኔ ግን ሸክላዎቹን አቧራ ላይ የጣልነው እኛው ነን ባይ ነኝ። ከዋልያስ ጋር ሄዶ የቀረው ሌላው ሰው፣ የዓለማየሁን ብዙ ዘፈኖች ያቀናበረው ፒያኒስት ግርማ በየነ፣ ለዓመታት ከሙዚቃ ርቆ ኖሮ አዲሱን አልበሙን በ2017 ያወጣው ከፈረንሳይ ወጣቶች ጋር ነው። የኢትዮፒክስ 30ኛው ቁጥር ነው። ዓለማየሁና አምኃ ሁለቱም በ2021 አረፉ፣ በጥቂት ወራት ልዩነት።

ገላን ስንደርስ ሹፌሩን የዘፈኑን ርዕስ ጠየቅኩት። ስክሪኑን አየና «ትራክ ሰባት» አለኝ። ስሙን ነገርኩት። «ሌላም አለው እንዴ ሰውየው?» አለ፣ ረዳቱ «ወራጅ አለ!» እያለ በሩን እየከፈተ።