«ኖ ሲግናል»፦ የሊኑክስ ላፕቶፕና የሁለተኛው ስክሪን ታሪክ

ሊኑክስ የተጫነበትን ላፕቶፕ ሞኒተር ወይም ፕሮጀክተር ላይ ሰክቶ «ኖ ሲግናል» የምትለውን ጽሑፍ ያላየ ሰው ካለ እድለኛ ነው። አብዛኞቻችን ኬብሉን ነቅለን እንሰካለን፣ ላፕቶፑን አጥፍተን እናበራለን፣ አልሆን ሲል «ድሮም ሊኑክስ!» ብለን ዊንዶውስ ወደሚጭንልን ልጅ እንሄዳለን። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህች ችግር ታሪክ ነው። ታሪክ ያልኩት ነገሩን ለማሳመር አይደለም። ችግሩ እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ነው፤ እያንዳንዱ ልጣጭ የመጣበት ዓመትና ምክንያት አለው። ልጣጩ ለምን እንደመጣ ያወቀ ሰው ደግሞ የቱ ጋ እንደተበላሸ ለማግኘት አይቸገርም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ ጥያቄው አንድ ነው፦ ስለ ስክሪኑ የሚያውቀው ማነው? ለማንስ ይናገራል?

ነገሩ የሚጀምረው በ1987 ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ አይቢኤም አዳዲስ ኮምፒውተሮቹን ሲያስተዋውቅ ቪጂኤን ይዞ መጣ። አዎ፣ ያችው ባለ 15 ፒን፣ በጎንና ጎን በብሎን የምትታሰር ሰማያዊ ሶኬት። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ደግሞ አሜሪካ ማሳቹሴትስ በሚገኘው ኤምአይቲ «ኤክስ 11» የሚባል ሶፍትዌር ወጣ። ኤክስ ስል የድሮውን ትዊተር ማለቴ አይደለም፤ ስክሪን ላይ መስኮት የሚሥለውን ፕሮግራም ነው። ሊኑክስ ከዚያ ወዲህ ለሠላሳ ዓመት ያህል በዚህ ፕሮግራም ነው ያየው።

ሁለቱም በዘመናቸው ግሩም ሥራዎች ነበሩ፤ ግን ሁለቱም ውስጥ አንድ ግምት ተቀብሯል። ቪጂኤ ኮምፒውተሩ ቀለም እየላከ ሞኒተሩ ዝም ብሎ እንዲቀበል የተሠራ ነው፤ ሞኒተሩ ስለራሱ የሚናገርበት አፍ ከሞላ ጎደል አልነበረውም። ኤክስም የተጻፈው ስክሪናቸው ጠረጴዛ ላይ ተተክሎ ለሚኖር የዩኒቨርሲቲ ማሽኖች ነው። ጠዋት የነበረው ስክሪን ማታም እዚያው ነው። ሰው ላፕቶፕ በቦርሳ ይዞ፣ ከአንዱ ክፍል ፕሮጀክተር ነቅሎ ሌላ ክፍል ይሰካል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑክስን አወጣ። በቀጣዩ ዓመት «ኤክስፍሪ86» የሚባል ቡድን ተመሠረተና ኤክስ በተራ ኮምፒውተር ላይ በነጻ መሥራት ጀመረ። ታዲያ ሞኒተሩ የማይናገር ከሆነ ስለሱ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ማነው? እናንተ! ፋይል ከፍታችሁ «ሞድላይን» የሚባል መስመር በእጃችሁ ትጽፋላችሁ። መስመሩ ዘጠኝ ቁጥር አለው። 1024 በ768 ለሆነ፣ በሴኮንድ 60 ጊዜ ለሚታደስ ስክሪን ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፦ 65፣ 1024፣ 1048፣ 1184፣ 1344፣ 768፣ 771፣ 777፣ 806።

ሎተሪ ይመስላል አይደል? ግን ሒሳብ ነው። በዚያ ወፍራም የድሮ ሞኒተር ውስጥ የኤሌክትሮን ጨረር መስመር በመስመር ይሥላል። አንዱን መስመር ሲጨርስ ወደ ግራ የሚመለስበት ጊዜ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የሚታየው 1024 ነጥብ ቢሆንም የመስመሩ ሙሉ ርዝመት 1344 ተደርጎ ይቆጠራል። ወደ ታችም የሚታየው 768 መስመር፣ ሙሉው 806 ነው። 1344ን በ806፣ ውጤቱን ደግሞ በ60 ብታባዙት 64,995,840 ይመጣል። 65 ሚሊዮን ገደማ! መጀመሪያ ላይ ያለችው 65 እሷ ናት፤ በሜጋኸርዝ። ቁጥሩን የተሳሳተ ሰው ጥቁር ስክሪን ቢያይ እንኳ ተመስገን ነው፤ አንዳንዶቹ የዘመኑ ሞኒተሮች ከአቅማቸው በላይ ሲታዘዙ ይበላሹ ስለነበር መመሪያዎቹ በግልጽ ያስጠነቅቁ ነበር። አስቡት፣ አንድ መስመር ጽሑፍ ሞኒተር ሲያቃጥል!

ከዚያ በ1994 ሞኒተሩ አፍ አወጣ። ቬሳ የሚባለው የስክሪንና የግራፊክስ አምራቾች ማኅበር «ኢዲድ» የተባለውን ደረጃ አወጣ። ኢዲድ የሞኒተሩ መታወቂያ ነው በሉት። 128 ባይት ብቻ ነው፤ ከዚህ ፖስት አንድ አንቀጽ ያነሰ። አምራቹ ማን እንደሆነ፣ ሞዴሉ፣ የተመረተበት ዓመት፣ ስፋቱ በሴንቲሜትር፣ የሚችለው የምስል መጠን ሁሉ አለበት። የመጨረሻዋ ባይት ማረጋገጫ ናት፤ 128ቱም ተደምረው ለ256 ያለ ቀሪ ካልተካፈሉ መታወቂያው ተበላሽቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር ክፍሎችና አዳራሾች የምትጠቅም አንዲት ነገር አለች። በቪጂኤ ኬብል ውስጥ ቀለሙ በራሱ ሽቦዎች ይሄዳል፤ መታወቂያው ደግሞ በ12ኛውና በ15ኛው ፒን ብቻ ያልፋል። ርካሽ ኬብል፣ ያረጀ ማከፋፈያ፣ ወይም የተጣመመች ፒን ሁለቱን ትቆርጥና ቀለሙን ታሳልፋለች። ያኔ ምስሉ ይመጣል፣ መታወቂያው ግን አይደርስም። ሊኑክስ መታወቂያ ያላገኘለትን ስክሪን በጭፍን አይነዳም፤ ለጥንቃቄ ብሎ ከ1024 በ768 በላይ አያቀርብም። «ትልቁ ሞኒተሬ ላይ ከ1024 በላይ አልመርጥ አለኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ አዲስ ድራይቨር ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት ኬብሉን ቀይሩ። (9ኛው ፒን ከሌለ ግን አትደንግጡ፤ ብዙ ኬብሎች ሲሠሩም የላቸውም።)

ሞኒተሩ ተናገረ፤ አሁን ቀሪው ሰሚ ማግኘት ነው። በ2000 ኤክስፍሪ86 ሁለት ስክሪን አጋጥሞ እንደ አንድ የሚያሳይ «ዚነራማ» የሚባል ነገር አመጣ። ግን ገና ከመነሻው በፋይል መጻፍ አለበት፤ መሐል ላይ ፕሮጀክተር ብትሰኩ ሁሉንም ዘግታችሁ እንደገና መጀመር ነው። በ2001 ኪት ፓካርድና ጂም ጌቲስ «ራንዳር» የተባለውን ሐሳብ አቀረቡ፤ ስክሪን ሳይዘጋ መጠኑን መቀየርና ማዞር። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2007 በ1.2ኛው ሥሪት ነው፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን መውጫ ለየብቻ መክፈት፣ መዝጋት፣ ከሌላው በስተቀኝ ማስቀመጥ ተቻለ። ዛሬ ድረስ ተርሚናል ላይ የምንጽፋት «ኤክስራንዳር» የምትባል ትዕዛዝ የዚያ ውጤት ናት። ኤክስ 11 ከወጣ 20 ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

በ2009 መጋቢት ደግሞ ለችግር ፈላጊ ከሁሉም የበለጠውን ያመጣ ለውጥ ተደረገ። እስከዚያ ድረስ የግራፊክስ ካርዱን የሚያዘው ኤክስ ራሱ ነበር፤ ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ከጽሑፍ በቀር ስለ ስክሪን ብዙም አያውቅም። አንድ ካርድ ሁለት ጌታ ነበረው፤ ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነቃ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነበር። በሊኑክስ 2.6.29 ስክሪን የማዘዝ ሥልጣን፣ በመጀመሪያ ለኢንቴል ካርዶች፣ ወደ ከርነሉ ገባ። ዛሬ ኬብል ስትሰኩ መታወቂያውን የሚያነበው ከርነሉ ነው፤ ለእያንዳንዱ መውጫም «ተገናኝቷል» ወይም «አልተገናኘም» የሚል ቃል የተጻፈባት ትንሽ ፋይል አለችው።

ይህቺ ቃል ችግሩን ለሁለት ትከፍላለች። ከርነሉ «አልተገናኘም» ካለ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ብትውሉ ዋጋ የለውም፤ ጉዳዩ ከታች ነው፦ ኬብል፣ ሶኬት፣ ማቀያየሪያ ወይም ድራይቨር። «ተገናኝቷል» ብሎ ስክሪኑ ከጨለመ ደግሞ ኬብሉን መቶ ጊዜ መንቀል ብዙውን ጊዜ አይጠቅምም፤ ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው።

እንግዲህ ሁሉም ተስተካከለ ሲባል በ2010 አዲስ ጣጣ መጣ። ኤንቪዲያ «ኦፕቲመስ» የሚባል ቴክኖሎጂ አወጣ። ላፕቶፑ ሁለት የግራፊክስ ቺፕ ይይዛል፤ ለቀላል ሥራ ኢንቴል፣ ለከባዱ ኤንቪዲያ። ባትሪ ይቆጥባል፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ብዙዎቹ ላፕቶፖች ላይ የኤችዲኤምአይ ሶኬቱ ሽቦ የሚሄደው በቀጥታ ወደ ኤንቪዲያው ነው። የኤንቪዲያው ድራይቨር ካልሠራ የላፕቶፑ ስክሪን ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ኤችዲኤምአዩ ግን ሙት ነው። ያኔ ኩባንያው ኦፕቲመስን ለሊኑክስ አልሠራም፤ የቺፑንም አሠራር አላሳወቀም። እናም ሰዎች በራሳቸው ተነሡ። ኦፕቲመስ ለሚለው ስም የትራንስፎርመርስ ፊልምን ይዘው «ባምብልቢ» ብለው የሰየሙት ፕሮግራም በ2011 ወጣ። የሱም ነገር ጉድ ነበር፤ መጫኛው ውስጥ ያለ ቦታዋ የገባች አንዲት ስፔስ የሲስተሙን ዋና ፎልደር ጠራርጋ ታጠፋ ነበር። አንዲት ባዶ ቦታ!

በ2012 ሰኔ ፊንላንድ ውስጥ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ላይ አንዲት ተሳታፊ ተነሥታ ሊነስን ስለዚሁ ስለ ኦፕቲመስ ጠየቀችው። ሊነስም ኤንቪዲያ ካጋጠሙን ኩባንያዎች ሁሉ የከፋው ነው አለና ወደ ካሜራው ዞሮ የማይነሣውን ጣት አነሣ። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። ብዙ ሰው ግን የሚያስታውሰው ጣቱን ነው፤ ጥያቄውን የረሳው ይበዛል። ጥያቄው «ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁት ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ ለምን አይነገረኝም?» ወደሚል ነገር ነው የሚያመራው። ኤንቪዲያ የከርነል ክፍሉን ኮድ የለቀቀው በ2022 ግንቦት ነው፤ ከጣቲቱ አሥር ዓመት በኋላ።

በሩ ሁሉ ተከፍቷል ማለት ግን አይደለም። በ2024 የካቲት ኤኤምዲ አዲሱን ኤችዲኤምአይ 2.1 በሊኑክስ ለማሠራት የጻፈውን ክፍት ኮድ የኤችዲኤምአይ ፎረም እንዳይወጣ መከልከሉን አሳወቀ። ዲስፕሌይፖርት ደግሞ የቬሳ ደረጃ ነው፤ ይህን ዓይነት ክልከላ የለበትም። ምርጫ ካላችሁ ሊኑክስ ላይ እሱን ምረጡ።

የመጨረሻው ልጣጭ ዌይላንድ ነው። ክርስቲያን ሆግስበርግ በ2008 የጀመረው፣ ኤክስን ለመተካት የመጣ ሥርዓት። ፌዶራ በ2016፣ ኡቡንቱ በ2017 መደበኛ አደረጉት፤ ኡቡንቱ በ2018 ወደ ኤክስ ተመልሶ በ2021 እንደገና ዌይላንድን ያዘ። ይሄ ለምን ይጠቅመናል? ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ምክር አብዛኛው «ኤክስራንዳርን እንዲህ ብለህ ጻፍ» ይላል። ዌይላንድ ላይ ግን ያቺ ትዕዛዝ ስክሪኑን አታዝም። ምክሩ ውሸት አይደለም፣ ጊዜው አልፎበት ነው። በተቃራኒው የላፕቶፑና የሞኒተሩ የጽሑፍ መጠን ለየብቻ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ዌይላንድ ይሻላል፤ ኤክስ ይህን በቅጡ አይችልበትም።

ስለዚህ ሲቸግራችሁ ታሪኩን ከታች ወደ ላይ ተከተሉት፦

1. ኬብልና ሶኬት። ሞኒተሩ ራሱ ትክክለኛው መግቢያ ላይ ነው? ዩኤስቢ ሲ ከሆነ፣ ሁሉም ዩኤስቢ ሲ ምስል አያወጣም፤ ይሄ የሊኑክስ ጥፋት አይደለም።
2. ከርነሉ ምን ይላል? ተገናኝቷል ወይስ አልተገናኘም?
3. ተገናኝቶ ከ1024 በላይ እምቢ ካለ መታወቂያው አልደረሰም፤ ወደ ኬብሉ ተመለሱ።
4. ሁለት ቺፕ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ኤችዲኤምአዩ የማን ነው? የኤንቪዲያው ድራይቨርስ ተጭኗል?
5. በመጨረሻ፣ ያላችሁት ኤክስ ላይ ነው ዌይላንድ ላይ? ምክር ስትፈልጉ ይህንንም ጨምራችሁ ፈልጉ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። ከርነሉ ውስጥ መታወቂያቸው የሚዋሽ ሞኒተሮች ስም ዝርዝር አለ። «ይሄ ሞዴል ስፋቱን የሚናገረው በተሳሳተ መለኪያ ነው፣ ይሄኛው እችላለሁ የሚለውን አይችልም» እየተባለ በየመስመሩ ተጽፏል። ያ ዝርዝር ከሰማይ አልወረደም። አንድ ቦታ አንድ ሰው ሞኒተሩ እምቢ አለው፤ እሱም «አይረባም» ብሎ አልተወውም፣ ያየውን በትክክል ጽፎ ላከ። ከዚያ በኋላ ያንን ሞኒተር የሰካ ሰው ሁሉ፣ አዲስ አበባም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ ችግር እንደነበረ እንኳ ሳያውቅ ይሠራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ይሄ ነው።

ተማሪዎቼ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «ኖ ሲግናል» ስትሉኝ ከርነሉ ምን እንዳለ አብራችሁ ንገሩኝ። ሌሎቻችሁም ያጋጠማችሁንና የፈታችሁበትን መንገድ ኮሜንት ላይ ጻፉት፤ ነገ አንዱ ፈልጎ ያገኘዋል።