ጓዳ ገብ ፈታሽ

ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ በአማርኛ ሲወራና ሲጻፍ አንድ ሐረግ እየተደጋገመ መጥቷል፤ «የከርነል ደረጃ ፀረ-ማጭበርበር ሶፍትዌር»። ቃላቱን አንድ በአንድ የሚያውቅ ሰው እንኳ አንድ ላይ ሲያነባቸው ምን እንደተነገረው አይገባውም። እናት ብትሰማው ከባንክ አጭበርባሪ የሚከላከል ነገር ይመስላታል፤ ልጇም «እስማማለሁ» የሚለውን ተጭኖ ያልፋል። የሚያናድደኝ የሐረጉ መክበድ ብቻ አይደለም። የነገሩን ዋና ጉዳይ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የቤታችንን የትኛውን ክፍል እንደሚረግጥ፣ ሸፍኖ ማለፉ ነው።

ነገሩን አብዛኛው አንባቢ በጨረፍታ ያውቀዋል። በኢንተርኔት በሚደረጉ ጨዋታዎች ውስጥ በተንኮል የሚያሸንፉ ሞልተዋል፤ አይምቦት በተጫዋቹ ፋንታ ያነጣጥራል፣ ዎልሃክ ከግድግዳ ጀርባ ያለውን ባላጋራ ያሳያል። እነዚህን ለመያዝ ኩባንያዎች በተጫዋቹ ኮምፒውተር ላይ የሚፈትሽ ፕሮግራም ይጭናሉ። የተንኮል ፕሮግራም ሠሪዎች ዊንዶውስን ወደሚመራው ውስጠኛ ክፍል፣ ከርነል ወደሚባለው፣ ሲወርዱ ፈታሾቹም ተከትለው ወረዱ። እዚያ የደረሰ ፕሮግራም ሜሞሪውን፣ ፋይሉን፣ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ሁሉ የማየት ሥልጣን አለው። ራዮት ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2020 ከቫሎራንት ጨዋታ ጋር ያወጣው ቫንጋርድ የተባለው ፈታሽ ጨዋታው ባይከፈትም ኮምፒውተሩ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ነቅቶ ይቆያል። ተጠቃሚው ሊያጠፋው ይችላል፤ መልሶ ለመጫወት ግን ኮምፒውተሩን ዘግቶ መክፈት ይኖርበታል። በ2024 ደግሞ ያው ፕሮግራም ለሊግ ኦፍ ሌጀንድስም ግዴታ ሆነ።

አሁን ወደ ስሙ። «ፀረ» ከግእዙ «ፀር» የመጣ ነው፤ ጠላት ማለት ነው። ፀረ-ተባይ የተባይ ጠላት፣ ፀረ-ወባ የወባ ጠላት፣ ፀረ-ሙስና የሙስና ጠላት። ጥሩ ቃል ነው፤ አንድ ጎደሎ ግን አለበት። በማን ላይ እንደተነሣ ይናገራል እንጂ የማን እንደሆነና የት እንደሚሠራ አይናገርም። ደግሞም ተከታዩ ቃል መጥፎ ከሆነ «ፀረ» የተጨመረበት ሁሉ ጥሩ ይመስላል። ከማጭበርበር ጋር የሚጣላን ነገር ማን ይቃወማል? ስሙ ገና ሲጠራ ክርክሩ አልቋል።

«ማጭበርበር» በበኩሉ ሰፊ ቃል ነው። ሚዛን ይጭበረበራል፣ ምርጫ ይጭበረበራል፣ ብይ የሚጫወቱ ልጆችም «አታጭበርብር!» ይባባላሉ። በድምፅም በስሜትም «ዓይንን አጥበረበረ» ከሚለው ጋር ይቀራረባል፤ የሚጭበረበር ሰው ፊት ለፊቱ ያለውን ማየት የተሳነው ነው። ለጨዋታ መዋሉን አልቃወምም። ነገር ግን ብቻውን ሲቆም የጨዋታውን ሜዳ አያመለክትም። «ከርነል» ደግሞ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የዘር ውስጠኛ ፍሬ ነው፤ ቃሉ ሲነገር በዓይኑ ይታየዋል። ለአማርኛ አንባቢ ምንም የማይታይበት አራት ፊደል ነው።

ይህን ችግር አይተው ሌላ ስም ሊያቀርቡ የሚችሉ ሰዎች የሚመርጧቸውን ቃላት በየተራ እንመልከታቸው። «አስኳል» ከርነልን ሊተካ የሚችል ቃል ነው። የእንቁላሉ አስኳል ለሳይንስ መምህራን የአቶምና የሕዋስ መካከል ሆኖ አገልግሏል፤ ለባለሙያ ጽሑፍ «አስኳል» ቢባል ደስ ይለኛል። ነገር ግን አስኳል መካከልነትን እንጂ ገመናን አያስታውስም። «ሰርጎ ገብ ሶፍትዌር» የሚልም ይኖራል። ኃይለኛ ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ሰርጎ ገብ በድብቅ የሚገባ ነው፤ ይህኛው ግን በግልጽ ፈቃድ ጠይቆ የሚገባ ነው፤ ጥያቄው ባይገባንም። ለቫይረስና ለሰላይ ፕሮግራም እናቆየው።

«ዐቃቤ ጨዋታ» ማለት የሚያምራቸውም ይኖራሉ፤ ከዐቃቤ ሕግና ከጥንቱ ዐቃቤ ሰዓት ጋር የሚዛመድ፣ ክብር ያለው ስም ነው። ክብሩ ነው ችግሩ። ሥልጣን ይሰጠዋል፣ ቦታውን ግን አሁንም ይደብቃል። ከሁሉ የሚያጓጓው «እልፍኝ አስከልካይ» ነው፤ በቤተ መንግሥት የንጉሡን እልፍኝ የሚጠብቀው ባለሥልጣን። ከውስጠኛው ክፍል ደጃፍ መቆሙ ልክ ነው። ይሁን እንጂ እልፍኝ አስከልካይ የሚያገለግለው የእልፍኙን ባለቤት ነበር። እዚህ ቤቱ የተጫዋቹ ነው፤ ጠባቂው ግን ደመወዝ የሚቀበለው ከኩባንያው ነው፤ ታማኝነቱም ወደዚያው ነው።

እኔ የምለው «ጓዳ ገብ ፈታሽ» ነው። «ገብ» በአማርኛ ቃል ሠሪ ነው፤ ባሕረ ገብ፣ ጣልቃ ገብ፣ አዲስ ገብ ብለን የለመድነው ነው። ጓዳ ደግሞ እንግዳ የማይገባበት ክፍል ነው። እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል፤ እህሉ፣ ቅቤው፣ የተደበቀው ገንዘብ፣ የቤቱ ጉድለት ሁሉ ያለው ጓዳ ነው። «የጓዳዬን ገመና አወጣብኝ» ሲባል ምን እንደተጎዳ ማስረዳት አያስፈልግም፤ «ግላዊነት» የሚለው አዲስ ቃል ገና ሊደርስበት የሚጥረውን ስሜት ጓዳ ከጥንት ጀምሮ ይዞታል። «ፈታሽ» ደግሞ ሥራውን በልኩ ይነግረናል። በየሕንፃው በር ቦርሳችንን የሚያስከፍተንን ሰው እናውቀዋለን፤ አናማርረውም፤ ለደኅንነታችን ነው። ዳኛ አላልኩትም፤ ዳኛ ግራ ቀኙን ሰምቶ ይፈርዳል፤ ይህ ፕሮግራም ግን ይፈትሻል፣ ይጠቁማል፣ ያስባርራል።

አንድ ስም ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ቤተሰብ ሲያፈራ ነው። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ እንደሚጠቀምበት እንደ ቫክ ከርነል ሳይገባ ከጨዋታው ጎን የሚሠራውን «ደጅ ፈታሽ» ልንለው እንችላለን። የተጫዋቹን ኮምፒውተር ሳይነካ አጨዋወቱን ከኩባንያው ሰርቨር ሆኖ የሚመዝነው ደግሞ «የሜዳ ታዛቢ» ይሆናል። የነገሩ ጠባይ በአንድ ቃል ሲፈለግ «ጓዳ ገብነት» አለ። በሦስቱ ስሞች ብቻ አንድ ወላጅ ከልጁ ጋር ሊነጋገር ይችላል፤ ይህ ጨዋታ ደጅ ፈታሽ ነው ያለው ወይስ ጓዳ ገብ?

ስሙ እውነቱን ይሸከም እንደሆነ በደረሱ ነገሮች እንፈትነው። በ2013 ኢኤስኢኤ ከተባለ የአሜሪካ የጨዋታ ውድድር አገልግሎት ተጫዋቾች በፈታሽነት አምነው የጫኑት ፕሮግራም በስውር በኮምፒውተራቸው ቢትኮይን ሲያመርት ተገኘ። 14,000 ያህል ኮምፒውተሮች እንደተነኩ የኒው ጀርሲ አቃቤ ሕግ ገለጸ፤ ኩባንያውም በ1 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጉዳዩን ዘጋ። አምነን ጓዳ ያስገባነው ሰው የራሱን ድስት ጥዶ ተገኘ ማለት ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በነሐሴ 2022 እንዳስታወቀው፣ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ወንበዴዎች ጌንሺን ኢምፓክት ከተባለው ጨዋታ ጋር የሚመጣውን የፈታሹን ድራይቨር ለብቻው ወስደው ተጠቀሙበት። ሕጋዊ ፊርማ ስለነበረው ዊንዶውስ በሩን ከፈተለት፤ በዚያ ሥልጣን የኮምፒውተሮቹን ፀረ-ቫይረስ ገደሉ። ጨዋታው በእነዚያ ኮምፒውተሮች ላይ መጫኑ እንኳ አያስፈልግም ነበር። ስለዚህ አደጋው የኩባንያው ክፋት ብቻ አይደለም፤ ጓዳ የሚያስገባ የይለፍ ወረቀት አንዴ ከተሠራ ሌባም ሊይዘው ይችላል። ክፋት ሳይኖርም ስሕተት ይበቃል፤ በሐምሌ 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጥሏል። ያ የጨዋታ ፈታሽ አልነበረም፤ የሚሠራው ግን በዚያው በከርነል ውስጥ ነበር።

«ጓዳ» ለቴክኖሎጂ የማይመጥን የሠፈር ቃል ነው የሚሉ ይኖራሉ። ይህ አስተሳሰብ አማርኛን ክፉኛ ጎድቶታል። ከቤታችን የወጣውን ቃል ለቁም ነገር ስናሳንሰው፣ ቁም ነገሩ ሁሉ በማይገባን ቃል ይነገረናል፤ የማይገባንን ነገር ደግሞ ልንከራከርበት አንችልም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ሲደነግግ መኖሪያ ቤትን፣ ሰውነትንና ንብረትን ከመመርመር መጠበቅን ያነሣል። ሕጉ የተናገረው በቤት ቋንቋ ነው፤ እኛስ ምን ያሳፍረናል? ስሙ ወደ አንድ ወገን ያደላል ለሚሉም መልሴ አጭር ነው፤ ጓዳ መግባት ሁልጊዜ ወንጀል አይደለም፤ ሐኪምም ዘመድም ይገባል። ቃሉ አይወነጅልም፤ ፈቃድ የሚያስፈልግበት ቦታ መሆኑን ብቻ ያስታውሳል።

ስቲም የተባለው ትልቁ የጨዋታ ገበያ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ከርነል የሚገባ ፈታሽ ያለው ጨዋታ ይህንኑ በገጹ ላይ እንዲያስታውቅ አስገድዷል። ማስታወቂያ የሚጠቅመው ግን አንባቢው ከገባው ነው። ስለዚህ ጨዋታ ለምትተረጉሙ፣ ስለ ጨዋታ ለምትጽፉና ቪዲዮ ለምትሠሩ ሁሉ የምለምነው ይህን ነው፤ ከ«እስማማለሁ» በላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ይህ ጨዋታ ጓዳ ገብ ፈታሽ አለው። በኮምፒውተርዎ ውስጥ ያለውን ሁሉ የማየት ሥልጣን ይኖረዋል።» ይህን አንብቦ የሚስማማ ይስማማ፤ ውሳኔው የራሱ ነው። ያልገባውን ሰው ግን ተስማማ ልንለው አይገባም።