ጃሊኑስን ያረመው የባግዳዱ ሐኪም

በ597 ዓመተ ሂጅራ ግብፅ ላይ ጽኑ ረሃብ ወረደ። የባግዳዱ ሐኪም ዐብዱልለጢፍ ካይሮ አጠገብ፣ አል-መቅስ ላይ የተከመረውን የሙታን አጥንት ሄዶ አየ። ከግሪኩ ሐኪም ከጃሊኑስ ጀምሮ የታችኛው መንጋጋ አገጭ ላይ የተጋጠሙ ሁለት አጥንቶች ነው ይባል ነበር። እርሱ ብዙ ራስ ቅል ደጋግሞ መረመረ፤ መጋጠሚያ የለም፣ አንድ አጥንት ነው አለ።

ሕፃን ሲወለድ መንጋጋው በእርግጥ ሁለት ነው። መሐሉን የሚያያይዘው ለስላሳ አጥንት ግን በመጀመሪያው ዓመት ጠንክሮ ይዘጋል። የጉልበትና የክርን መገጣጠሚያ ዕድሜ ልክ ይታጠፋል፤ ይህኛው ገና በጨቅላነት ይጠፋል።

እኛስ «ትልቅ ሰው ተናገረው» ብለን ሳናጣራ ስንቱን ወሬ አስተላለፍን? ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ አረጋግጡ ይለናል። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን።